ባዶ ብርሃን

ማ ጁጄ የልጃቸውን ፎቶ ሊጠይቁ የመጡት በገበያ ቀን ማለዳ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና አላባራም ነበር። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራገፉ፤ የጫማቸውን ቀይ ጭቃ ደፉ ላይ ጠረጉ፤ ከዚያ ገብተው እኔ ፍሬም ከምሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። ባሌ ቪያኒ ወንበሩ ላይ ሆኖ የካሜራውን ሌንስ ይወለውል ነበር።

«ልጄ፣ ስሸሽህ ከረምኩ» አሉት።

«እኔን? ምን አድርጌ፣ እማማ?»

«አምና ለሟቹ ለታ ፎካም በተጨፈረው ጭፈራ ላይ እኔንና ልጄን ሶላንዥን አጥሩ ጋ አቁመህ አነሳኸን። ያን ቀን የሽርጤ ቋጠሮ ከገንዘብ ባዶ ነበር። ፎቶውን አሳጥቦ ያመጣዋል፣ እኔም በሰው ፊት አፍራለሁ ብዬ፣ ገበያ ላይ ሳይህ በሽንኩርት ሻጮቹ በኩል እጠፋ ነበር።» ፈገግ አሉ። ፈገግታው ብዙ አልቆየም። «አሁን ግን ራሴ መጣሁልህ። ስጠኝ።»

ሶላንዥ ከሞተች ገና ሁለት ወር አልሆናትም። ከዱዋላ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ከባፉሳም ከተማ ወዲህ የተሳፈረችበት ሞተር ከጭነት መኪና ሥር ገባ። ስልኳም እዚያው አስፋልቱ ላይ ደቀቀ። ቀብሯ ላይ ነበርን። የሙት መታሰቢያ ጭፈራው ግን የሚሆነው ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ነው። ያን ቀን እናትየው የልጃቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ በሰው ሁሉ ፊት ሜዳውን ይዞራሉ። ለማን እንደሚጨፈር ከሩቅ የመጣው ሰው የሚያውቀው በፎቶው ነው።

«እፈልገዋለሁ» አለ ቪያኒ። ዓይኑን ከሌንሱ ላይ አላነሳም።

«ብርሃኑ ዓይኔን ሲወጋኝ ትዝ ይለኛል። እሷ ሳቀችብኝ።»

«እፈልገዋለሁ፣ እማማ። ብዙ ፎቶ ነው ያለኝ፤ ጊዜ ይፈልጋል።»

«ጊዜማ አለኝ» አሉና ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

ከሄዱም በኋላ ሌንሱን መወልወሉን አላቆመም። ሌንሱ ከጠራ ቆይቷል። በታ ፎካም ጭፈራ ላይ አብሬው ነበርኩ፤ ያን ቀን ምን ያህል ባዶ ብርሃን እንደበተነ አውቃለሁ።

ጭፈራ ላይ ፎቶ መነሳት የማይፈልግ ሰው የለም። ጨፋሪው ካሜራ ሲያይ እግሩን አንስቶ ይቆማል። አዲስ ልብስ የለበሰች ሴት ልጇን ወደ ፊት ትገፋለች። የራፊያ ዘንባባ ጠጅ የቀመሰ ሽማግሌ ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። አላነሳም ማለት ስድብ ነው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የሚገዛው ግን ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቪያኒ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ያደርግና፣ አናቱ ላይ ከተሰካው ፍላሽ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ብቻ ይነካል። ብርሃኑ ቦግ ይላል፤ ካሜራው ምንም አይወስድም። ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል። ዘዴውን ያስተማረው ሥራ የለመደበት አሮጌ ፎቶ አንሺ ነው፤ ያኔ ፊልም ውድ ነበር። ፊልም ቀርቶ ካርድ ሲመጣ ቪያኒ ይህን ነገር ትቶት ነበር። ካሜራው ሲያረጅ ግን ተመለሰበት።

ካሜራውን የገዛው የመጀመሪያ ልጃችን አርሴን በተወለደ ዓመት ነው፤ ከዱዋላ፣ ያገለገለ። ከባድ ነው። ውስጡ መስታወት አለ፤ ሲያነሳ መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ከጀርባው መጋረጃ የመሰለ ነገር ተከፍቶ ይዘጋል፣ ሻተር ይሉታል። አርሴን ዛሬ ያውንዴ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ካሜራው እዚሁ ከእኛ ጋር ቀርቷል። መያዣው ላይ ያለው ጎማ ተልጦ ከጫማ ሠሪ ባመጣሁት ማስቲሽ ነው የለጠፍኩት። ባትሪው ግማሽ ቀን አይሠራም። የጀርባው ስክሪን ሞራ እንደጋረደው ዓይን ደብዝዟል። ፎቶው ግን ፎቶ ነው። እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ፤ ፎቶ ላይ ያለ ፊት ምን ያህል ሲያድግ እንደሚፈርስ የማውቀው በእጄ ነው። በዚያ ካሜራ የተነሳ ፊት በበር ሳንቃ ልክ ቢያድግም አይፈርስም።

ዱዋላ ያለው ጠጋኝ ግን ከፍቶ ካየው በኋላ፣ «ሻተሩ ሊያልቅ ነው፤ ባነሳህ ቁጥር ይበላል። መለዋወጫው ከእንግዲህ አይመጣም። በቁጠባ ያዘው» አለው።

በቁጠባ ያዘው።

ከእኛ ቀጥሎ ስልክና የስልክ ልባስ የሚሸጠው ሮድሪግ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝበት በራችን ላይ ቆሞ ቪያኒን፣ ለታላቅ እንደሚባለው «ታ» እያለ፣ መተንኮስ ይወዳል።

«ታ ቪያኒ፣ ይኼ ሽማግሌ ካሜራዎ አሁንም ያያል?»

«ካንተ ይሻላል።»

«ጡረታ ያውጡት እንጂ። እኔ ጋ ባለ አራት ዓይን ስልክ አለ። ጨለማ ውስጥ ያነሳል። ፎቶው ወዲያው ዱዋላ ይደርሳል።»

«ዱዋላ ሲደርስ ፊቱ ተለውጦ ነው የሚደርሰው። ባለፈው አክስቴን አንስተህ ሙሽራ አደረግሃት።»

«አክስትዎ ቅር አላላቸውም።»

«ባሏ ቅር ብሎታል፤ ይህቺን የት ደበቃችሁብኝ ብሎ።»

«ይሁና። ግን ማነው ዛሬ ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል? ሰው ስልክ ነው ያለው።»

«ሲሞትስ?»

«ሲሞትማ ወደ እርስዎ ይመጣል» አለና እየሳቀ ወደ ሱቁ ገባ።

ማ ጁጄ መጥተው በሄዱበት ከሰዓት ሱቁን ዘግተን ፈለግን። የታ ፎካም ጭፈራ ሙሉው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። የቀርከሃውን አጥር አገኘነው። ፊት ለፊቱ የቆሙ ሦስት ልጆች፤ ከእነሱ ቀጥሎ የዝሆን ጭንብል ያጠለቁ ጨፋሪዎች። የሁለቱ ፎቶዎች ቁጥር ተከታታይ ነው፤ በመካከል የዘለለ የለም።

«ምናልባት ሰርዘኸው ይሆናል» አልኩ።

«ብሰርዘው ቁጥሩ ይጎድል ነበር።»

ከዚያ ያልተሸጡ ፎቶዎች የምናከማችበትን ካርቶን ገለበጥነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሚመጣው ወደዚህ ካርቶን ነው። በሕይወት ሳለ ቆሞ ተነስቶ አልገዛም ያለውን ፎቶ፣ ልጆቹ እያለቀሱ ይገዙታል። ስንቱን ሰው ከዚያ ውስጥ አውጥቼ ፍሬም አድርጌዋለሁ። ሶላንዥ ግን የለችም። በአንዱ ፎቶ ጥግ አረንጓዴ ሻሽ አይተን፣ የእነሱ ይሆን ብለን ሁለታችንም ጎንበስ አልን። የሌላ ሴት ነበር።

ቪያኒ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መለሰ። «ባዶ ነበር» አለ።

«ንገራቸዋ።»

«ምን ብዬ?»

ካርቶኑን አንስቼ ቦታው መለስኩት።

ገበያችን በየስምንት ቀኑ ነው። ማ ጁጄ በየገበያው ቀን መጡ። መጀመሪያ አቮካዶ ይዘው መጡ። ቀጥሎ ጎደሬ አመጡ፤ «እየበላህ ፈልግ፣ ዓይንህም ጉልበት ይፈልጋል» አሉት። ቪያኒ ኮምፒውተሩ ታሟል አላቸው። እሳቸውም ኮምፒውተሩን እንደታመመ ሰው አዩትና፣ ይማረው አሉ። ጎደሬውን ወቅጬ በዘንባባ ዘይት ቢጫ ወጥ አቀረብኩለት። ሁለቴ ጎረሰና እጁን ታጠበ።

አንድ ቀን፣ «የጓደኞቿ ስልክ ላይ የለችም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አለች እንጂ፣ የአርሴን እናት። አንደኛዋ ጋ የጥንቸል ጆሮ አላት። ሌላዋ ጋ ደግሞ ቆዳዋ እንደ ሸክላ ሳህን ነጥቶ፣ ዓይኗ የበሬ ዓይን አክሎ። በጥንቸል ጆሮ ይዣት ልጨፍር?»

ሳቅን፤ ሦስታችንም። ቪያኒ ቀድሞ አቆመ።

ማ ጁጄ ይህን ሲናገሩ ሮድሪግ በራፍ ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስልኩን ይዞ ገባ። ከሶላንዥ ጓደኛ ፎቶውን ተቀብሎ፣ ጆሮውን አጥፍቶ፣ ፊቱን አስተካክሎ አምጥቷል። እንዴት እንዳደረገው አላውቅም፤ «ስልኩን ጠየቅኩት፣ ስልኩ ሠራው» ነው ያለው። ቆንጆ ሴት ነበረች። ሶላንዥ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ነበራት፤ በልጅነቷ ከማንጎ ዛፍ ወድቃ። የፊት ጥርሶቿም ፍንጭት ነበሩ። የስልኩ ሴት ጠባሳም ፍንጭትም አልነበራትም።

«ጥሩ ነው» አልኩ እኔ። «ይውሰዱትና ይጨፍሩ። ዓይናቸውም ደክሟል። ማን ያያል?»

«እሳቸው ያያሉ» አለ ቪያኒ።

«እንግዲያው ንገራቸው። ካልነገርካቸው ደግሞ ይህን ስጣቸው። አንዱን ምረጥ እንጂ ሴትዮዋን በየገበያው አታመላልስ።»

«ይህቺ ማንም አይደለችም። ማንም ባልሆነች ሴት ፊት ሊያለቅሱ ነው?»

«አሁንስ በማን ፊት ነው የሚያለቅሱት? በኮምፒውተር ፊት።»

ሮድሪግ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እኔ እንዲያግዝ ብዬ ነው» አለ። ሳይቀልድ ሲናገር ስሰማው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ዝናቡ አለቀ። መንገዱ ነጣ፣ ከዚያ አቧራ ሆነ። ማ ጁጄ የጭፈራውን ቀን ቆርጠው መጡ። የፍሬሙን ዙሪያ እንዳለብስበት ንዶፕ የሚባለውን ሰማያዊና ነጭ የክብር ጨርቅ ይዘዋል፤ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ። የሶላንዥን ልጅም ይዘዋት መጥተዋል። ልጅቷ የአያቷን ስም ስለወረሰች ስሟ ጁጄ ነው፤ በዚያ የተነሳ ቤተሰቡ ሁሉ «እማማ» ይላታል። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከጠረጴዛዬ ሥር ገብታ የወዳደቁ የእንጨት ቁርጥራጮች ትለቅም ጀመር።

«ምን ያህል ይሁን?» ብዬ ማስመሪያዬን አነሳሁ።

«ትልቅ። ከሩቅ እንድትታይ።»

ማስመሪያውን እንደያዝኩ ቪያኒን አየሁት።

«እማማ» አለ።

ሁለቱም ዞሩ፤ አያትም፣ የልጅ ልጅም።

«ፎቶው የለም።»

«ጠፋ?»

«አልጠፋም። መጀመሪያውኑ አላነሳኋችሁም።»

ማ ጁጄ ጨርቁን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «እንዴት? ብርሃኑስ?»

ካሜራውን ከመደርደሪያው አወረደ። ፍላሹን ሰካ፤ ወደ ግድግዳው አዙሮ የጀርባውን ቁልፍ ነካ። ክፍሉ ቦግ አለ። ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብላ ሳቀች።

«ይህ ብርሃን ብቻ ነው» አላቸው። ከዚያ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። መስታወቱ ተነስቶ ሲመለስ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ተሰማ። «ማንሳት ይህ ነው። ድምፅ አለው።»

«ከበሮ ይመታ ነበር» አሉ ማ ጁጄ። «አልሰማሁም።» ባለመስማታቸው ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። ትንሽ ቆይተው፣ «ለምን?» አሉ።

«ካሜራው አርጅቷል። ከእንግዲህ የሚያነሳው ጥቂት ነው ተብያለሁ። እየቆጠብኩት ነበር።»

«ለማን?»

ቪያኒ ካሜራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ውጭ ሞተር ነጂዎች ስለ አንዲት ተሳፋሪ ይጨቃጨቁ ነበር። ጭቅጭቁ አልቆ ሞተሩ ተነሳ።

«እሺ» አሉ ማ ጁጄ። «ካሜራውስ ባያነሳን፣ አንተ በቀዳዳው አይተኸናል። ሻሼን አስተካከለችልኝ። አገጭሽን ቀና አድርጊ አለችኝ፣ ልክ እኔ እናቷ ሳልሆን እሷ እናቴ እንደሆነች። ያን አይተሃል?»

አዎ እንዲላቸው ፈለግኩ። አዎ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ሻሹ አረንጓዴ ነበር ማለት ይችላል፤ አረንጓዴ ባይሆንም እሳቸው ያርሙት ነበር፣ ከዚያ ሁለቱ ተጋግዘው በትዝታ ያቆሟት ነበር።

«አላየሁም፣ እማማ። ባዶ ሲሆን አልመለከትም። ካሜራው ዓይኔ ላይ ቢሆንም ልቤ የሚቀጥለውን ሰው ይፈልጋል።»

ማ ጁጄ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። «እንግዲያው ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ» አሉ።

የልጅቷን እጅ ይዘው ወጡ። ጨርቁ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። ልጅቷ የለቀመቻቸውን ቁርጥራጮች ሁሉ ይዛ ሄዳለች።

ይመለሳሉ ብዬ አልጠበቅኩም። በሳምንቱ ግን መጡ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ከጉያቸው አወጡ። የሶላንዥ የትምህርት ቤት መታወቂያ ነው፤ የስድስተኛ ክፍል፣ የፈተና። ፎቶው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም። የተላጨች፣ ኮሌታዋ እስከ ላይ የተቆለፈ፣ የፈራች ልጅ። ሐምራዊ ማህተም ከጆሮዋ ተነስቶ ትከሻዋ ላይ ያርፋል።

«ያለችኝ ይህቺ ናት» አሉ። ለእኔ ነው የነገሩኝ እንጂ ለቪያኒ አይደለም። እሱ ግን መታወቂያውን በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ሮድሪግ ማህተሙን ላጥፋው ብሎ ነበር። ማ ጁጄ እምቢ አሉ፤ «ተወው። ስልክህ ማህተሙን ሲያጠፋ ሌላም ነገር አብሮ ያጠፋል።»

ቪያኒ መታወቂያውን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ ከጠዋት እስከ ቀትር አነሳው። ደመና ሲመጣ ይጠብቃል፣ ሲያልፍ ያነሳል። የካሜራውን ድምፅ ከጠረጴዛዬ ሆኜ እሰማ ነበር። ባፉሳም ወስዶ በትልቅ ወረቀት አሳተመው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ስዘረጋው ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ ታየኝ። ጠባሳው ገና ትኩስ ነበር።

ወሬው እስከዚያ ከተማውን አዳርሷል። ማን እንዳወራው አላውቅም፤ ማ ጁጄ አይመስሉኝም። ሞተር ነጂዎቹ ቪያኒ ሲያልፍ፣ «ታ ቪያኒ፣ ዛሬ ባዶ ነው ወይስ ሙሉ?» ይሉት ጀመር። አንዷ ሴት ከሦስት ዓመት በፊት ልጇ ሲጠመቅ የበራላትን ብርሃን ልትጠይቀው መጣች። ያ ሙሉ ነበር፤ ከካርቶኑ አውጥቶ ሰጣት። እሷም ፎቶውን አገላብጣ አይታ፣ «ሌሎቹስ?» አለችው።

በጭፈራው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሰው ጎረፈ። ጠመንጃ ተተኮሰ፤ ወፎቹ ከባሕር ዛፉ ላይ ተነሱ። ቪያኒ ባትሪዎቹን ሁሉ ሞልቶ ይዟል። ያቆመውን ሰው ሁሉ አነሳ። አንድ ሰው ከተነሳ በኋላ እንደ ድሮው አመስግኖ አይሄድም፤ «እስቲ አሳየኝ» ይላል። ቪያኒ የደበዘዘውን ስክሪን ያዞርለታል። ሰውየው በእጁ ጥላ ሠርቶ ይመለከታል፣ ምንም አይታየውም፣ «እሺ፣ እንግዲህ ቃልህን ልመን» ይላል። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ አይስቅም። ቪያኒ ለሁሉም አሳየ።

ማ ጁጄ ሶላንዥን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ሜዳው ገቡ። ፍሬሙ ከባድ ነው፤ መስታወቱን እኔው ቆርጬ ገጥሜዋለሁ። የራሳቸው ወገኖች ከኋላ ተከተሏቸው። ሶላንዥን የሚያውቋት ጥቂቶች ናቸው፤ ሕይወቷ ዱዋላ ነበር። ከማ ጁጄ የትውልድ መንደር የመጡት ሴቶች ፎቶውን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ወይ ሳታድግ» አለች አንዷ አጠገቤ። «በስንት ዓመቷ ነው?»

ከመካከላቸው ድምፀ መልካሟ አሮጊት ዘፈን አነሳች፤ ለልጅ የሚዘፈነውን፣ ሳያድጉ ለሄዱት። ሌሎቹ ተቀበሏት።

ማ ጁጄ ቆሙ። «ይህ አይደለም ዘፈኗ» አሉ። «ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወልዳለች። ቤት ተከራይታ፣ ምጣድና ድስት ገዝታ ትኖር ነበር። የትልቅ ሰው ዝፈኑላት።»

ሴቶቹ ፎቶውን ደግመው አዩት። ተያዩ። ከዚያ የትልቅ ሰው ዘፈን ተነሳ፤ ማ ጁጄም መጨፈር ቀጠሉ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌላ ቡድን ከመንገድ ደረሰ። ፎቶውን አዩ። የልጅ ዘፈን አነሱ። ማ ጁጄ እንደገና ቆመው ነገሯቸው። ሦስተኛው ቡድን ሲመጣ አልቆሙም። አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። በልጅ ዘፈን ጨፈሩ።

ዙሩ ሲያበቃ ትንሿ ጁጄ የአያቷን ሽርጥ ጎተተች። «ይህቺ ማናት?»

«እናትሽ ናት።»

«ትንሽ ናት።»

«ያኔ ትንሽ ነበረች።»

ልጅቷ ፎቶውን እያየች አሰበች። «ከእኔ ጋር ትጫወታለች?»

ማ ጁጄ ቀና አሉ። ዞር ዞር ብለው ቪያኒን ፈለጉት። መታወቂያውን ከሰጡት ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም ነበር።

«አሁን አንሳን» አሉት።

ፍሬሙን ደረታቸው ላይ አስተካክለው ያዙ፤ ልጅቷን ጎናቸው አቆሙ። ቪያኒ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ ቆየ፤ እንደዚያ ቆይቶ ሲያይ አይቼው አላውቅም። ብርሃኑ ቦግ አለ፤ ድምፁም ተሰማ።

«ወሰድከው?»

«ወስጄዋለሁ።»

«አሳየኝ።»

ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ነበር። የነጠላዬን ጫፍ ዘርግቼ ጥላ ሠራሁላቸው፤ ከሥሩ ገብተው ጎነበሱ። ትንፋሻቸው እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር።

«እኔ አለሁ» አሉ። «ልጅቷም አለች። እሷ የለችም።»

ቪያኒም ጎንበስ ብሎ አየ፤ እኔም አየሁ። የፍላሹ ብርሃን ያረፈው እኔ በገጠምኩት መስታወት ላይ ነው። የሶላንዥ ፊት በነበረበት ቦታ ነጭ ክብ አለ።

ፍላሹን አጥፍቶ እንደገና አነሳ። አሁን ደግሞ መስታወቱ ውስጥ የገባው ሰማይ ነበር፣ ከሰማዩም ጋር የእኛ ጭንቅላት። ማ ጁጄ ፍሬሙን ወደ ግራ አዘነበሉ፤ ባሕር ዛፉ ገባ። ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ሰው ገባ። ከኋላችን ሊነሱ ተራ የያዙት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ሮድሪግ ከየት እንደመጣ አላየሁትም፤ እጁን ዘርግቶ፣ «ቆዩ፣ ሽማግሌው እየሠራ ነው» አላቸው።

«መስታወቱን አውልቂው» አለኝ ቪያኒ።

ፍሬሙን መሬት ላይ በፊቱ ደፍቼ ምስማሮቹን በመቀሴ ጫፍ አቃናሁ። መስታወቱን አውጥቼ በሁለት እጄ ያዝኩት። ወረቀቱ ባዶውን ቀረ፤ የሜዳው አቧራ ላዩ ላይ ሲያርፍ ይታየኝ ነበር። ማ ጁጄ አላራገፉትም። አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

ካሜራው ድምፁን አሰማ።

«አሁንስ?» አሉ።

ቪያኒ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ በእጁ ጋረደው። ከፀሐዩ ከልሎ፣ ጎንበስ ብሎ ቆይቶ አየው።

«አለች» አላቸው።

«ድገመው» አሉ።

ደገመው።